መጠይቃችንን ያስፈተሽንበት አገልግሎት፦ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ሰርቬይ ላይ የምትሠሩ፣ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት መጠይቁን አስተርጉሞ፣ ታብሌት ላይ ጭኖ፣ መስክ በመውጣት ነው። ዘንድሮ ግን ከመውጣታችን በፊት መጠይቁን በአማርኛና በኦሮምኛ ሰው ላይ የሚፈትሽ አንድ አነስተኛ ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ቀጠርን። የማማርርበትም ነገር ስላለ ስማቸውን አልጠራም። አገልግሎቱ ግን ገንዘቡን ያወጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠያቂዋ ጥያቄውን ታነባለች፣ መልሱን ትይዛለች፣ ወደሚቀጥለው ግን አታልፍም። «እስቲ ጥያቄውን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ»፣ «ይሄን ሲመልሱ ምን አሰቡ?» እያለች እዚያው ትቆያለች። በሙያው ኮግኒቲቭ ኢንተርቪው ይሉታል።

የመጀመሪያውን ቀን አብሬ ተቀምጬ ነበር፣ አቃቂ። አንዲት እናት «ቤተሰብዎ ስንት ነው?» ተባሉ። «ስድስት» አሉ። ለኔ ያለቀ ጥያቄ ነበር። ጠያቂዋ ግን «እማማ፣ እስቲ አንድ በአንድ ይቁጠሩልኝ» አለቻቸው። በጣታቸው ጀመሩ። እሳቸው፣ ባላቸው፣ ሁለት ተማሪ ልጆች። አምስተኛዋ ልጅ ቤይሩት ናት። ስድስተኛው አግብቶ አዳማ ወጥቷል። ሦስት ዓመት እዚያው ቤት የምታድረውና ያን ሰዓት ቡና እያፈላችልን የነበረችው ሠራተኛቸው አልተቆጠረችም። ስለሷ ሲጠየቁ «እሷማ እንደ ልጄ ናት፤ ግን ቤተሰቦቿ ጎጃም ናቸው» አሉ። እኛ የምንፈልገው በአንድ ቤት የሚያድሩትንና ከአንድ ድስት የሚበሉትን ነበር፤ እነሱ ደግሞ አምስት ናቸው። እማማ ምንም አልተሳሳቱም። አማርኛው «ቤተሰብ» ካለ ቤይሩት ያለችውን ልጅ እንዴት ይተዋሉ?

እዚህ ላይ ያናደደኝን ልናገር። ይሄ ጥያቄ ባክ ትራንስሌሽን አልፏል! የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ከጻፈበት በኋላ በጣም የተለመደ ዘዴ ነው፤ አንዱ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ከተገጣጠመ ይጸድቃል። ግን የሚመልሰውም ሰው የሰርቬይ ቋንቋ የለመደ ነው፤ «ቤተሰብ» ሲያይ ፈረንጁ የፈለገውን ቃል፣ «ሀውስሆልድ» (በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩት)፣ ራሱ ያመጣል። ወረቀቱ ገጠመ፣ እማማ ጋ ግን አልገጠመም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በብዙ አገሮች የሚካሄደው የአውሮፓ ማኅበራዊ ሰርቬይ ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ እንዲተረጉሙ፣ ከዚያ ከሌሎች ጋር ቁጭ ብለው ቃል በቃል እንዲነጋገሩ፣ በመጨረሻም ሰው ላይ እንዲሞከር ያዛል። እኛ ሞክሩ የሚለውን ነው ስንዘል የኖርነው።

ሌላው የዋሽንግተን ግሩፕ፣ ማለትም በአካል ጉዳት መረጃ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን፣ ያዘጋጃቸው ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። አካል ጉዳት የሚለውን ቃል ሆን ብለው አይጠሩም፤ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ እያነሱ ምን ያህል እንደሚቸግር ይጠይቃሉ። አንድ አባት «ለማየት ይቸገራሉ?» ሲባሉ «ችግር የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ቆይተው ሲወራ ግን ከመንገዱ ማዶ የቆመን ሰው አይለዩም። «ችግር የለም» እኮ እኛ ሰላምታ ላይም የምንለው ነው። ሌላዋ ደግሞ «አዎ ልጄ፣ በጣም ተቸግሬያለሁ» ብለው ስለ ጤፍ ዋጋ ነገሩን። ቡድኑ አራቱንም የመልስ ምርጫዎች፣ «ምንም አያስቸግረኝም» ከሚለው እስከ «ጭራሽ አልችልም» ድረስ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ግዴታ ይሁን አለ። ሞከርነው፤ እኚያው አባት «በጣም ያስቸግረኛል» የሚለውን መረጡ።

የድብርት መጠይቁም፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ፒኤችኪው፣ ተመሳሳይ ጣጣ ነበረበት። ተርጓሚያችን «ደብሮዎት ያውቃል?» ብሎት ነበር። አንድ ወጣት ምን ማለት ነው ሲባል «ኔትወርክ ሲጠፋ ይደብረኛል» አለ። ልክ ነው፣ ሰፈር ውስጥ እንደዚያ ነው የምናወራው።

ኦሮምኛው ላይ ደግሞ የቤቱን ኃላፊ «አባ ወራ» ብለነው ኖሯል። ሰበታ አካባቢ አንዲት ሴት «ሞቷል» ብለው መለሱ። አባ ወራ ባል ማለትም ነውና ባላቸውን የጠየቅናቸው መስሏቸው ነው፤ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ወደ አማርኛው ስንመለስ እኛም «አባወራ» ብለናል፣ ያው ስህተት።

አሁን ቅሬታዬ። የኦሮምኛው ፍተሻ በሙሉ በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው የተሠራው፣ የኛ ሰርቬይ ግን ወለጋና ሐረርጌም ይገባል። አነጋገሩ እንደሚለያይ እነሱም ያውቃሉ፤ ስንጠይቅ «በጀቱ አይበቃም» ተባልን፣ እሱን መጀመሪያ ሊነግሩን ይገባ ነበር። ሪፖርቱ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የመረጃ ሰብሳቢዎቹ ሥልጠና ከተጀመረ በኋላ ደረሰ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው። እማማ ያሉትን ቃል እንግሊዝኛ አድርገው ሲያመጡልን፣ የተፈተሸው ነገር ራሱ ጠፋ። ማስታወሻ ደብተሬ ባይኖር ኖሮ ሥልጠናው ላይ የምናገረው አልነበረኝም።

ለሚቀጥለው ዙር እነሱኑ እንቀጥራለን። ውሉ ላይ ግን የሰዎቹ መልስ በተናገሩበት ቋንቋ ይጻፍ፣ ሐረርጌና ወለጋ ይግቡ፣ ሪፖርቱም ሥልጠናው ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው ይድረስ ብለን አስገብተናል።