ለፊልም ትዕይንት የቱ ይሻላል፦ ዘፈን ወይስ ግጥም የሌለው ሙዚቃ?

ዘፈን፦ ቶሎ ይገባል። «ናፈቅሽኝ» ካለ አለቀ፣ ማብራሪያ አያስፈልግም። ችግሩ ወጪው ነው፤ የታወቀ ዘፈን ከሆነ ለድርሰቱ አንድ፣ ለቀረጻው ሌላ ፈቃድ ይጠየቃል። ደግሞ ተዋናዩም ዘፋኙም እኩል ሲያወሩ የቱን ልስማ?

ግጥም የሌለው፦ ቃል ባይኖረውም ሰውነት ላይ ይሠራል። የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1975 ለወጣው የሻርክ ፊልም «ጆውስ» የሠራውን አስቡት፤ ሁለት ኖታዎች ብቻ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ እየፈጠኑ ሲመጡ ሻርኩ ገና ሳይታይ ልብ ድው ድው ይላል። አደጋው ማብዛት ነው። ቫዮሊኑ በየደቂቃው ካለቀሰማ የኔ እንባ ይደርቃል።

ገጸ ባህሪው ከፍቅረኛው ተለያይቶ ሲያበቃ ዝም ብሎ መኪና እየነዳ ከሆነ ዘፈኑን ልቀቁት። ንግግር ወይም ፍርሃት ያለበት ቦታ ላይ ግን ግጥም የሌለው ይሻላል።