ላሲክ፣ ፒአርኬ ወይስ ስማይል? የዓይን ሌዘር ልትሰሩ ላሰባችሁ

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ መነጽር ለመጣል ስለሚሰራው የዓይን ሌዘር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ከፈልክ?" ነው። ዋጋውን እመጣበታለሁ፣ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ስራህ ምንድነው፣ ስንት ቀንስ መቅረት ትችላለህ?" ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሶስቱ የሌዘር አይነቶች፣ ላሲክም ፒአርኬም ስማይልም፣ ከዓመት በኋላ የሚሰጡት እይታ በጣም ይቀራረባል፣ የሚለያዩት እዛ እስክትደርሱ ባለው ጊዜና ከዛ በኋላ በምትኖሩት ኑሮ ነው። እኔ ማታ ማታ መኪና ነው የምነዳው፣ የተሰራሁት ፒአርኬ ነው፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ ላሲክ፣ የሁለታችን የመጀመሪያ ሳምንት ፈጽሞ አይገናኝም።

ሶስቱም የሚሰሩት ኮርኒያ ላይ ነው፣ የዓይን ብሌን ልገሳ ሲባል የምንሰማው ያ ፊት ለፊት ያለው እንደ መስታወት የጠራ ክፍል ማለት ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ ሌዘሩ ከሱ ላይ እየቀነሰ ነው ቅርጹን የሚያስተካክለው፣ ስለዚህ የመነጽር ቁጥራችሁ በጨመረ መጠን የሚነሳውም ይጨምራል። ኦፕሬሽኑ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም፣ ማደንዘዣው ጠብታ ነው፣ አትተኙም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ላሲክና ስማይል ላይ ዓይናችሁን ሲይዙት ጫን ይልና ለትንሽ ሰከንድ ሊደበዝዝ ወይ ሊጨልምባችሁ ይችላል፣ ላሲክና ፒአርኬ ላይ ደግሞ ፀጉር የተቃጠለ የሚመስል ሽታ አለ፣ ሁለቱም ኖርማል ነው አትደንግጡ።

ላሲክ ላይ ሀኪሙ ኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ይከፍትና ከስሩ በሌዘር ሰርቶ ክዳኑን መልሶ ያለብሰዋል። እህቴ ሀሙስ ተሰርታ ቤት ስትገባ ለጥቂት ሰዓት ሽንኩርት የሚከተፍበት ኩሽና ውስጥ እንዳለች ነው ያስለቀሳት፣ ተኝታ ተነሳች፣ አርብ ጠዋት የመንገድ ስም ታነብ ነበር፣ ሰኞ ስራ ገባች። ፍጥነት ለምትፈልጉ ይሄን የሚያክል የለም። ችግሩ ክዳኑ ድሮ እንደነበረው ሆኖ አይጠነክርም፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ዓይን ላይ ጠንከር ያለ ምት ካረፈ ሊንሸራተት ይችላል፣ ስለዚህ ቦክስ የሚጫወት ወይ ሰው ሊመታው በሚችልበት ስራ ላይ ያለ ሴኪዩሪቲ ወይ ወታደር ሁለቴ ያስብ። ሌላው ድርቀት ነው፣ ክዳኑ ሲቆረጥ ነርቭም አብሮ ስለሚቆረጥ ለወራት ዓይናችሁ ሊደርቅ ይችላል፣ እህቴ ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሰራሽ እንባ ከቦርሳዋ አልጠፋም።

ፒአርኬ ክዳን የለውም፣ የላይኛው ስስ ሽፋን ተፍቆ ይነሳና ሌዘሩ በቀጥታ ይሰራል፣ ከዛ ሽፋኑ ራሱ እስኪበቅል አራት አምስት ቀን እንደ ፋሻ የሚያገለግል ኮንታክት ሌንስ ይደረግላችኋል። ከሶስቱ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው 1995 ላይ ነው፣ ኮርኒያው ሳሳ ላለ ሰው አሁንም የሚመረጠው እሱ ነው። ግን ያማል። የኔ ሁለተኛው ሌሊት በጣም ከባድ ነበር፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ ማየት አቅቶኝ፣ አሸዋ የተበተነበት ዓይን ይዤ ነው ያደርኩት። የተሰራሁበት ክሊኒክ "ሁለት ሶስት ቀን ይበቃሃል" ብሎኝ ሶስት ቀን ብቻ ነበር ያመቻቸሁት፣ ማታ ለመንዳት ግን ከወር በላይ ፈጀብኝ፣ ያን ጊዜ የቤት ኪራይ የሸፈነልኝ ወንድሜ ነው። እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ተዘጋጅቼ እገባ ነበር፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው። እይታው የሚረጋው በሳምንታት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሶስት ወር ይደርሳል፣ ጠብታውም ይረዝማል፣ ፀሀይ ላይ ያለ ጥቁር መነጽር መውጣት የለም ምክንያቱም ኮርኒያው ላይ ጭጋግ የመሰለ ጠባሳ ሊመጣ ይችላል።

ስማይል በሁለቱ መሀል ነው። ሌዘሩ ኮርኒያው ውስጥ ቀጭን ቁራጭ ይቀርጽና ሀኪሙ በአራት ሚሊሜትር ወይ ባነሰ ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል። ክዳን የለም፣ ህመሙ ትንሽ ነው፣ ድርቀቱም ከላሲክ ይቀላል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እንደ ላሲክ ቦግ ብሎ አይታይም። እዚህ አገር የተፈቀደው 2016 ላይ ሲሆን ለሩቅ አላይ ለሚል ነው። ኋላ ላይ ማስተካከያ ካስፈለገ ብዙ ጊዜ በፒአርኬ ነው የሚሰራው፣ ይሄን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማታ ለምትነዱ ወገኖቼ ይሄን ልብ በሉ፣ የአሜሪካ መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ባስጠናው የላሲክ ጥናት ከኦፕሬሽኑ በፊት ምንም ምልክት ካልነበራቸው ውስጥ እስከ 46 ፐርሰንት የሚሆኑት ሶስተኛው ወር ላይ መብራት ዙሪያ ክብ ወይ ነጸብራቅ ወይ መሰል ነገር ማየት ጀምረናል ብለዋል፣ ድርቀት ያልነበረባቸው ደግሞ እስከ 28 ፐርሰንት ድርቀት ተሰምቷቸዋል። የቀን ተቀን ስራቸውን በጣም ያስቸገራቸው ከአንድ ፐርሰንት በታች ናቸው፣ ስለዚህ አትስሩ ማለቴ አይደለም፣ ግን በሁለተኛው ሳምንት ኤርፖርት ደርሼ እመለሳለሁ ብላችሁ እንዳታቅዱ።

የማይሰራላቸውም አሉ። ቁጥሩ በዓመት ውስጥ የሚቀያየር፣ እርጉዝ ወይ የምታጠባ፣ ኮርኒያው እየሾለ የሚሄድ፣ ኬራቶኮነስ የሚባለው ማለት ነው። ልጅ እያለን በአለርጂ ዓይናችንን ስናሽ ያደግን ብዙ ነን፣ ማሸት ደግሞ ከዚህ በሽታ ጋር ይያያዛል፣ የኮርኒያውን ካርታ ሳያነሳ "ና ልስራህ" የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ ውጡ። ቁጥሩ በጣም ትልቅ ለሆነ አይሲኤል የሚባል ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ አለ። አርባን ላለፈ ደግሞ ሌዘር ብዙ ጊዜ የንባብ መነጽርን አያስቀርም።

እኛ ቤት ብቻ ያለ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ክሊኒክ ላይነግራችሁ ይችላል። ኩል ከቀናት በፊት ይቁም፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም አይመለስ። ዕጣንና የከሰል ጭስ ያለበት ክፍል መጀመሪያ ሳምንት አትቀመጡ። ጸበል ለመጠመቅ ያሰባችሁ ሀኪሙ እስኪፈቅድላችሁ ፊታችሁ ላይ አታስረጩ፣ የትኛውም ውሃ ላልዳነ ዓይን አደገኛ ነው፣ ከፈለጋችሁ ከኦፕሬሽኑ በፊት ሂዱ። አገር ቤት ልትሄዱ ከሆነም ፒአርኬን ከጉዞ በፊት አታድርጉት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሀዩም አቧራውም ይከብዳል፣ ቀጠሮም ያመልጣችኋል።

ዋጋው ብዙ ቦታ ለአንድ ዓይን 2,000 ዶላርና ከዛ በላይ ነው፣ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፣ ኤችኤስኤ ወይ ኤፍኤስኤ፣ ለህክምና ከታክስ ነጻ የሚቀመጥ ገንዘብ ማለት ነው፣ ካላችሁ ግን መጠቀም ይቻላል። በርካሽ የሚያስተዋውቁት ዋጋ ብዙ ጊዜ ለትንሽ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ክትትሉና ማስተካከያው ውስጡ እንዳለበት በጽሁፍ ተቀበሉ።

የድሮ ቁጥራችሁንና የኮርኒያችሁን ውፍረት የያዘውን ወረቀትም ሳትቀበሉ አትውጡ። ሌዘር የተሰራ ዓይን ግፊቱ ሲለካ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ደግሞ ጥቁር ህዝብ ላይ ይበዛል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያያችሁ ሀኪም ያ ወረቀት ከሌለው ግፊታችሁ ደህና ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። እኔ ፎቶ አንስቼ ኢሜሌ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ለእህቴም ልኬላታለሁ።