በኢንተርኔት ለሚደርስ ማስፈራሪያ ማመልከቻ የምትጽፍ የደሴ ጽሕፈት ቤት

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዷ ናት፤ የራሷ መጠሪያ እንኳ የላትም። ታናሽ እህቴን ይዣት የሄድኩት በቴሌግራም የሚያስፈራራት ሰው ስለነበረ ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። ሰውየው ፊቷን ከሌላ ሴት ራቁት ገላ ጋር አገጣጥሞ «ካልመጣሽ ለሥራ ባልደረቦችሽ እበትነዋለሁ» ይላታል። ቀድመን የሄድንበት ፖሊስ ጣቢያ ተረኛው «ብሎክ አድርጊው» ብሎ ሸኘን። ከዚያ ወዲህ ለማንም መናገር አልፈልግም ብላ ነበር፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጸሐፊዋን ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ገና ነገሩን ስንጀምርላቸው «አብሽሪ የኔ እናት፣ ብቻ ከስልክሽ ምንም እንዳታጠፊ» አሏት። ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ከእሷም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ስለሚችል መልእክቶቹን ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ስክሪንሾት አነሱ። የሚታየው ስም አልበቃቸውም፤ ነገ ይቀይረዋል ብለው ዩዘርኔሙንና የአካውንቱን ሊንክ ለብቻ ጻፉ። ከዚያ ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል አትመው «አባሪ 1፣ አባሪ 2» እያሉ ቁጥር ሰጡት።

ማመልከቻው ላይ ለቅሶ የለም። ማን፣ መቼ፣ ምን ላከ፤ አለቀ። የጠቀሱት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13ን ነው። በጽሑፍ ወይም በምስል ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በተደጋጋሚ እየላኩ ሰውን ማስጨነቅ ግን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ከሆነም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። መልእክቶቹን አንድ በአንድ የቆጠሩት ለዚህ ነው፤ ድግግሞሹ በዓይን መታየት አለበት። እኔ የጥላቻ ንግግር አዋጁን፣ ቁጥር 1185/2012ን፣ ለምን አይጠቅሱም ብያቸው ነበር። እሱ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻ ለሚያነሳሳ ንግግር ነው፤ የእህትሽ ጉዳይ ማስፈራራት ነው አሉኝ። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ፣ ማለትም መልእክት ከየት ወደ የት መቼ እንደተላከ የሚያሳየውን መረጃ፣ ቢያንስ 1 ዓመት እንዲያቆዩ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ስለሚያዝ ሳትዘገዩ አመልክቱ ብለውም መከሩን።

ወረቀቱን ይዘን እዚያው ጣቢያ ተመለስን። መርማሪው አባሪዎቹን አገላብጦ አየና ተቀበለን፤ እህቴም ቃሏን ሰጠች። ጉዳዩ ገና በምርመራ ላይ ነው። ሕጉ ያኔም ነበር፣ እኛም ያው ነን፤ ልዩነቱ የወረቀቱ አዘገጃጀት ነው። አንዲት የተደናገጠች ልጅ ይህን ሁሉ አዘጋጅታ እንድትመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ጣቢያው ራሱ ሊጠይቃትና ሊመዘግብላት ይገባል።

ቤቷ የምትወቀስበትም አለ። የኮምፒውተሩ ስክሪን ወደ በሩ ዞሯል፤ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያያል። እህቴ በነጠላዋ ስትከልለው ነበር። እንዲህ ላለ ጉዳይ መጋረጃ የግድ ነው። ምስሎቹም ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርተው ነበር። ስንጠይቃቸው ፊታችን አጠፉልን፤ ግን ሳይጠየቁ ማጥፋት ነበረባቸው። የሚያፍር ሰው አይጠይቅም።

ክፍያቸው ተመጣጣኝ ነው፤ ለማመልከቻው አንድ ዋጋ፣ ለኅትመቱ ደግሞ በገጽ ያስከፍላሉ። ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛ በጠዋት ሂዱ። መታወቂያና ቻርጅ የተደረገ ስልክ ያዙ፤ ስክሪኑን እንዲያዞሩላችሁም ገና ሳትቀመጡ ንገሯቸው።