ለቮልስ የኋላ ጎሚኒ፦ ጎማ፣ ፖሊዩሬታን ወይስ ከካርቶኑ ያልወጣ የድሮ ዕቃ?

ቮልስ የኋላ ጎሚኒዋ (ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገባው የጎማ ቀለበት) ሲያልቅ በድምፅ ታሳውቃለች። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በተሻገረች ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር «ዷ!» ይላል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ ጀርባዋ የራሱን አቅጣጫ የሚመርጥ ይመስላል። ለማረጋገጥ ክሪክ እንኳን አያስፈልግም። ጎንበስ ብሎ የኋላውን እግር የሚሸከመውን ጠፍጣፋ ብረት ክብ ጫፍ ማየት ይበቃል። በሽፋኑ ቀዳዳ መሃል መሆን ሲገባው ወደ አንድ ወገን ከተጠጋ፣ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት መኪናዋን ማወቅ ይቀድማል። «የቮልስ ጎሚኒ ስጠኝ» ብሎ ሱቅ መግባት «ጫማ ስጠኝ» ከማለት አይሻልም። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ቦይ ላይ ተመትቷል፤ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ ላሉት ሦስተኛዋ አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች። የቀዳዳው ስፋትና የጎማው ቅርፅ በየዘመኑ ስለተለዋወጠ አሮጌውን አውጥቶ በካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) መለካት የግድ ነው። ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት፣ ለመኪናዋ በጠቅላላው አራት ያስፈልጋሉ። በእያንዳንዱ የኋላ ዘንግ ጫፍና ጫፍ መገጣጠሚያ ያላት ቮልስ ከሆነች ግን፣ በካምቢዮው አጠገብ ያለው የብራቾ (የኋላ እግሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒም አብሮ መታየት አለበት፤ እሱ በፕሬስ ተገፍቶ የሚገባ ሌላ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። አዲስ የጎማ ጎሚኒ ፋብሪካው ያሰበው ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ብልሃት አለበት። ጎማው በብረቱና በሽፋኑ መካከል ተጨምቆ ይያዛል፤ እግሩ ሲወርድና ሲወጣ አይንሸራተትም፣ ይጠመዘዛል። የኮብልስቶኑን ንዝረት ወደ ተሳፋሪው ሳያደርስ የሚውጠውም ለዚህ ነው። ቮልስ በሜክሲኮ እስከ ሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ትመረት ስለነበር ዛሬም አዲስ ጎማ የሚሠሩ አሉ፤ ጥራታቸው ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ በጥፍሬ ጫን እለዋለሁ። ምልክቱ ወዲያው ከጠፋ ጥሩ፣ እንደ ሰም ተቀርፆ ከቀረ መጥፎ። አጠፍ አድርጌም የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንዳለ አያለሁ።

ፖሊዩሬታን፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ የሚመጣው ከጎማ የጠነከረ ሰው ሠራሽ ዕቃ፣ የደጋፊዎቹ ቁጥር የበዛ ነው። ከካሊፎርኒያ የቮልስ ዕቃ ሻጮች ተገዝቶ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ ይገባል፤ ቀላል ስለሆነ ኪሎ አይፈጅም። ጥቅሙን አልክድም። ዘይት አይበላውም፤ ሞተሯ ኋላ ለሆነችና ዘይት ማንጠባጠብ ለለመደች መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕድሜውም ረጅም ነው፤ በኩርባ ላይ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትታዘዛለች። ነገር ግን ይህ ዕቃ እንደ ጎማ አይጠመዘዝም፤ ብረቱ በውስጡ ይንሸራተታል። ስለዚህ ግራሶ ይፈልጋል፣ ግራሶው ሲታጠብና አቧራ ሲገባ ደግሞ ይንጫጫል። አንድ ክረምት ሙሉ እንደ ቆርቆሮ በር እየጮኸች ሰፈር ስታስነሳብኝ ከርማለች። ሁሉንም ንዝረት ወደ ወንበር ማድረሱንም ልብ ይሏል። ቮልሷን ለውድድር ወይም ለአሸዋ ላዘጋጀ ሰው ፖሊዩሬታንን እመርጥለታለሁ፤ ቤተሰቡን እሑድ ቢሾፍቱ አድርሶ ለሚመለስ ሰው ግን አልመርጥም።

ሰው በጣም የሚታለለው በሦስተኛው ነው፦ ከካርቶኑ ሳይወጣ የቆየ የጀርመን ዕቃ። እኔም ተታልያለሁ። ማኅተሙ ያልተነካ፣ ጽሑፉ ያልደበዘዘ ጥንድ አግኝቼ ከአዲሱ እጥፍ ከፍዬ ገዛሁ። በአምስተኛው ወር ተሰነጣጠቀ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ ዕቃው በእርግጥ አዲስ ነበር፣ በእርግጥም ሀምሳ ዓመቱ ነበር። ጎማ መኪና ላይ ባይገጠምም ያረጃል፤ አየር ብቻውን ያደርቀዋል። ለመብራት፣ ለመስታወት፣ ለብረት ዕቃ እንዲህ ያለ ግኝት ወርቅ ነው። ለጎማ ዕቃ ግን ካርቶኑን ለጌጥ ይግዙት።

ሶማሌ ተራ ከተፈታች ቮልስ የወጣ ጎሚኒ? ከእርስዎው የሚሻልበት ምክንያት የለም። ቶርኖ ቤት ከናይለን የሚሠሩልዎ ደግሞ ከፖሊዩሬታንም የደረቀ ስለሚሆን መንገዱን ሁሉ ለሻንሲው ያስተላልፋል።

የፊቱንም የኋላውንም ጎሚኒ አንድ ላይ የያዘው «ሙሉ ኪት» የሚባለው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 1302 እና 1303 ከተባሉት ሞዴሎች በቀር የቮልስ የፊት እግር ዋና ተሸካሚ ጎማ አይደለም፤ ጫፉ ላይ የመርፌ ኩሽኔታ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ጠንካራ ቡሽ አለው። በየጊዜው ግራሶ ከተነፋለት ብዙ ዘመን ይኖራል። ኩሽኔታው ደኅና ከሆነ በፖሊዩሬታን መተካቱ ጤነኛ ጥርስ እንደ መንቀል ነው።

እኔ ለከተማ መኪና አዲስ ጎማ፣ ከሚታወቅ አምራች፣ በካሊፐር ተለክቶ እገዛለሁ። ሲገጠም ግራሶ ሳይሆን ታልክ ዱቄት ይነስነስበት፤ ግራሶ ጎማን ያሳብጠዋል። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው «ኦበን» በጀርመንኛ ወደ ላይ ማለት ነው፤ ተገልብጦ ከገባ እግሩ መሃሉን ይስታል። መካኒኩ ብሎኑን ከመፍታቱ በፊት ጠፍጣፋው ብረት ከኋላ እግሩ ተሸካሚ ጋር የተገናኘበትን ቦታ በመሮ ምልክት ያድርግበት፤ ካልሆነ የእግሩ አቀማመጥ ይዛባል። ብረቱ ከማረፊያው ሲለቀቅ ውስጥ ያለው የተጠመዘዘ ዘንግ በኃይል ወደ ታች ይወረውረዋልና፣ በክሪክ ሳይደገፍ እጅ ከሥሩ አይግባ።