ክኒኑን ማን ይቁጠረው፦ ክዳኑ፣ ሣጥኑ ወይስ ስልኩ?

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አወሳሰድን የሚከታተል መሣሪያ ልትገዙ ነው? ለክሊኒክም ይሁን ለራሳችሁ፣ ከወዲሁ አንድ ነገር እንተማመን። እዚህ ከማወዳድራቸው ውስጥ ሦስቱ ክኒን ሲዋጥ አያዩም። የሚያውቁት ክዳን ሲከፈት ወይም ጣት ስክሪን ሲነካ ብቻ ነው።

አንጋፋው ክዳኑ ነው። ሲያዩት ወፈር ያለ የብልቃጥ ክዳን ነው፤ ውስጡ ያለችው ቺፕ ግን ብልቃጡ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት ትመዘግባለች። ሜምስ የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። «ከ100 ዶዝ ቢያንስ 95ቱን መውሰድ» የሚለውን አባባል ያስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናት የተሠራው በሜምስ ነበር። (ቁጥሩ የዚያን ጊዜ መድኃኒቶች ቁጥር ነው። የዛሬዎቹ አንድ ሁለት ቀን ቢዘለል የተሻለ ይቋቋማሉ። ዝለሉ ማለቴ ግን አይደለም።) ክዳኑ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ቶሎ ቶሎ ቻርጅ አድርጉኝ አይልም። ችግሩ የተለመደው ዓይነት የሚነበበው ባለቤቱ ለቀጠሮ ሲመጣ መሆኑ ነው። እስከዚያ የተዘለለው ተዘሏል።

ሌላም ጣጣ አለው። አንዲት ሴት ነገ መንገደኛ ናት እንበል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብልቃጡን ትከፍታለች። የዛሬዋን ትውጣለች፤ የነገንና የከነገ ወዲያን ሶፍት ውስጥ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ክዳኑ የመዘገበው አንድ መክፈት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ቀን እንዳልወሰደች ይናገራል። ነርሷ ኮምፒውተሩን እያየች «ምነው አቋረጥሽ?» ካለቻት አለቀ፣ በቀጣዩ ቀጠሮ እውነቱን አትሰማም። ክዳን የምትገዙ ከሆነ «ጉዞ ነበረሽ?» ብሎ የሚጀምር ሰውም ያስፈልጋችኋል።

ሣጥኑ ይህን አይፈታም፣ ግን ፈጣን ነው። ዋይዝፒልን የመሰሉት የክኒን ሣጥኖች ውስጣቸው ሲም ካርድ አለ፤ በተከፈቱ ቁጥር ወዲያው ምልክት ይልካሉ። የተዘለለ ዶዝ በዚያው ምሽት ይታወቃል። በዚህ ከክዳኑ ይበልጣል። ወጪው ግን ከዕቃው ዋጋ ጋር አያበቃም፦ የኔትወርክ ክፍያ አለ፣ ቻርጅ አለ። ባትሪው ሲሞትስ? ዝምታው መድኃኒት ካልወሰደ ሰው ዝምታ ጋር አንድ ይመስላል። ስለዚህ ሻጩን «ሳይከፈትም በየቀኑ አለሁ የሚል ምልክት ይልካል ወይ?» በሉት። ክኒኑ ከመጀመሪያው ዕቃው ወጥቶ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ ይችል እንደሆነም ፋርማሲስት ይጠየቅ፤ እርጥበት የማይወዱ አሉ።

ስልክ ከሁሉ ይረክሳል። ስልኩ ላይ በሚጫነው መከታተያ አፕ «ወሰድኩ» የሚለውን የሚነካው ግን ራሱ ሰውዬው ነው፤ ሳይውጥም ይነካዋል። ሆኖም ስልክን አትናቁ። በኬንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ሕሙማን በሳምንት አንዴ «ማምቦ?» የሚል አጭር መልእክት ይደርሳቸው ነበር፤ እንደ እኛ «እንዴት ነው?» ማለት ነው። ስለ መድኃኒት አንድ ቃል የለበትም። ችግር አለ ላለ ወይም ላልመለሰ ይደወልለታል። የቫይረስ መጠናቸው የወረደላቸው መልእክቱ ከሚደርሳቸው 57 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው 48 በመቶ ነበሩ። ሥራውን የሠራው ደዋዩ ይመስለኛል።

መዋጡን ራሱ የሚናገር ሴንሰር ያለው ክኒንም መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። ሴንሰሩን የሠራው ኩባንያ በ2020 ከሰረ። እሱን አትጠብቁ።

እኔ ብሆን? ለራሴ ከሆነ የስልክ አላርምና የሳምንት ክኒን መያዣ ይበቃኛል፤ አላርሙ ላይ የመድኃኒቱን ስም አልጽፍም፣ ስልኬን ማን እንደሚያነሳው አይታወቅማ። ለክሊኒክ ከሆነ በዚያው ቀን የሚደውል ሠራተኛ ካለ ሣጥኑን፣ ከሌለ ክዳኑን እገዛለሁ። የትኛውም ግን የቫይረስ መጠን ምርመራን አይተካም።

ከመፈረማችሁ በፊት ሣጥኑን ከፍታችሁ ስሙት። የሚጮኽ ከሆነ ድምፁ ይጠፋል? ራት ላይ እንግዳ ፊት ቢጮኽ ባለቤቱ በማግስቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀብረዋል። ታማሚው «ይብቃኝ» ቢል መረጃው ይሰረዝለት እንደሆነም ጠይቁ። ሻጩ «ለምን ይሰረዛል?» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።