ቸኮሌቱን ተዉትና መጽሐፍ ላኩልን

ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ የሚሆን መጽሐፍ ብትጠይቁ የሚወጣላችሁ አጋዥ ነው። የሒሳብ አጋዥ፣ የእንግሊዝኛ አጋዥ፣ የሚኒስትሪ ጥያቄዎች። ከጎኑ የተረት መጽሐፍ አለ፤ እሱ ለትንንሾቹ ነው። ከዚያ በአንዴ የትልልቅ ሰው ልቦለድ ይመጣል። ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለው ልጅ መሀል ላይ ይቀራል። የእኔዋም እዚያ መሀል ላይ ስትደርስ ነው ስልክ ላይ የተጣደችው።

እህቴ አሜሪካ ናት። ሰው በመጣ ቁጥር ቸኮሌትና ጫማ ትልክ ነበር። ቸኮሌቱ ሳይውል ሳያድር ያልቃል፣ ጫማው ይጠባል። መጽሐፍ ላኪ አልኳት። ኮምቦልቻ ያለው የወንድሜ ልጅም ይዋሳል፤ ስለዚህ መጽሐፎቹ በሁለታችን ከተማ መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ነው የሚኖሩት። የምነግራችሁ ሁለት ቤት የተፈተኑትን ነው።

አንደኛዬ «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ» ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ። ታሪኩ የኦማር መሐመድ የራሱ ሕይወት ነው፤ ቪክቶሪያ ጄሚሰን ከእሱ ጋር ሆና ጽፋ ሥላዋለች። ኦማርና ታናሽ ወንድሙ ሐሰን ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው ኬንያ ውስጥ፣ ዳዳብ ስደተኞች ካምፕ ያድጋሉ። አባታቸው ተገድሏል። እናታቸው የት እንዳለች አይታወቅም። ሐሰን የሚጥል በሽታ አለበት፣ አፉም አልተፈታም። ኦማር ትምህርት ቤት ግባ ሲሉት የሚጨንቀው ፈተናው አይደለም፤ ወንድሙን ለማን ትቶ እንደሚሄድ ነው።

ልጄ ካምፑ ውስጥ ውሃ የሚቀዱበት ገጽ ላይ ቆመችና «እማ፣ እኛም እንዲህ ነበርን?» አለችኝ። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ ገና ሕፃን ነበረች። ብዙ አላወራንበትም ነበር። ያን ማታ እራት እስኪበርድ አወራን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማርያም የምትባል ጎበዝ ተማሪ አለች፤ ከትምህርቷ ወጥታ ትዳራለች። እዚያ ጋ ልጃችሁን ብቻዋን አትተዉአት፤ ጥያቄ ይመጣል። ልጄ ተናዳ መጽሐፉን አልጋው ላይ ወርውራው ነበር። ግን አንስታ ጨረሰችው።

የወንድሜ ልጅን የያዘው ሌላ ነው፤ «ኤል ዴፎ»። ሲሲ ቤል የራሷን ልጅነት ነው የሣለችው። በ4 ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት መስማት አቃታት። መጽሐፉ ውስጥ ሰው ሁሉ ጥንቸል ነው፣ ጆሮ ብቻ! ልጅቷ ደረቷ ላይ የመስሚያ መሣሪያ ታንጠለጥላለች፣ መምህሯ ማይክሮፎን ታደርጋለች። መምህሯ ማይኩን ሳታወልቅ ሽንት ቤት ስትገባ ልጅቷ ሁሉንም ትሰማለች። ልጁ እዚህ ላይ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

ከዚያ ደግሞ ተኮሳትሮ መጣ፤ «አክስቴ፣ ይሄኛው ኅትመቱ ተበላሽቷል» ብሎ። አልተበላሸም። መሣሪያዋ ባትሪ ሲጨርስ ፊደሉ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ምንም ሳትሰማ ስትቀር የሰዎቹ ንግግር ቦታ ባዶውን ይቀራል። ይህን ሲረዳ ከመጀመሪያው ጀመረው። ወንድሜ እስከዛሬ «ሥዕል ማየት ደግሞ ንባብ ሆነ እንዴ?» ይለኛል። ልጅህ መጽሐፍ ደግሞ ሲያነብ መቼ አይተህ ታውቃለህ አልኩት። ዝም አለ።

«ኒው ኪድ»ን ብዙ ሰው ያመሰግነዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኒውበሪ የሚባለውን የአሜሪካ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት ሜዳሊያ ሲያገኝ በሥዕል ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው። እኛ ቤት ግን አልያዘም። ቀልዱ የአሜሪካ ትምህርት ቤትና የቆዳ ቀለም ነገር ስለሆነ በየገጹ አስረዱኝ ይላል። ከፍ ሲሉ ይመለሱበት።

ሥዕል የሌለው ካላችሁ የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» ይሁን። ቀጭን ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይበቃዋል። ባለታሪኩ ሳልቫ ዱት በእውን ያለ ሰው ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ከደቡብ ሱዳን ሸሽቶ በእግሩ ወደ እኛ አገር ይመጣል፤ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ካምፕ። በ1991 እ.ኤ.አ. ስደተኞቹ ከካምፑ ሲባረሩ ጊሎ ወንዝን የሚሻገሩበት ምዕራፍ፣ ከኋላ ጥይት ከፊት አዞ፣ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። ጎን ለጎን ኒያ የምትባል ልጅ ውሃ ለመቅዳት ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ይተርካል። ቧንቧ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጀሪካኑን ያውቀዋል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ሳልቫ ካምፑ ውስጥ የኖረውን ስድስት ዓመት ያህል መጽሐፉ በአንድ ዝላይ ያልፈዋል። እኔ ደግሞ ማንበብ የፈለግሁት እሱን ነበር!

በአማርኛ «ጀምበር» የሚል ኮሚክ አለ፤ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ልዩ ኃይል ሲያገኝ። ለ10 ዓመት ልጅ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለ13 ግን ልክ ነው።

ለሚልክላችሁ ሰው አደራ በሉት፤ ለስላሳ ሽፋን ያለውን ይግዛ። ጠንካራው ዋጋውም ይወደዳል፣ የሻንጣውንም ኪሎ ይጨርሳል። ከዚያ አምጪው ሰው አየር መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚያወጣው የእናንተን መጽሐፍ ነው።