ብርድ የያዛት የእግር ስፌት መኪናዬ፦ ከ14 ወር በኋላ

ልሸጣት ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ፎቶዋን አንስቼ፣ ዋጋዋን ጽፌ፣ ለደላላ ልልክ ስል ልጄ ከትምህርት ቤት ገባችና ተውኩት። እንኳንም ተውኩት።

የገዛኋት ዓምና መጋቢት ላይ፣ መርካቶ፣ በ14,000 ብር ነው። ጥቁሯ፣ በእግር የምትረገጠው፣ ከነጠረጴዛዋና ከነመሳቢያዋ። ያን ጊዜ የምንኖረው ሸዋ ሮቢት ነበር። ስለ ስፌቷ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥጡንም ጂንሱንም ቀጥ አድርጋ ትሰፋለች። መጻፍ የፈለግሁት ብርድ ስላመጣው ጣጣ ነው።

መስከረም ላይ ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አገኘና ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ወጣን። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከሮቢት ወበቅ ተነስቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ዳገቱን ጨርሶ ከጣርማበር ዋሻ ሲወጡ አገሩ ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ትበልጣለች። ትንሹ ልጄ ጉሙን ሲያይ «እማ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?» አለኝ። የመጀመሪያውን ወር ጎረቤት ያዋሰችኝን ጋቢ ደርቤ ነው ያሳለፍኩት። በእንግድነቴ ደጄን ያንኳኳች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፤ ዛሬም ቡና የምንጠጣው አብረን ነው።

ጥቅምት ሲጋመስ መርገጫው ከበደኝ። ኅዳር ገብቶ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሲሆን ጭራሽ ጭቃ የምረግጥ መሰለኝ። ጎማዋን በእጄ ገፍቼ ካላስነሳኋት አትነሳም። በእግር የሚሰፋ ሰው ይህ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል፤ መርገጫው ሲከብድ ጎማው መሀል ላይ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ወደ ኋላ ሲመልስ ክሩ ከታች ይጠማዘዝና ይበጠሳል። አንድ ክንድ ለመስፋት ሦስት ጊዜ መርፌ የማጎርስበት ቀን ነበር። መርፌ ቀየርኩ። ክር ቀየርኩ። መርገጫውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ላልቶ ይሆናል ብዬ የጣት ስፋት ያህል ቆርጬ በሽቦው መልሼ አያያዝኩት። ያው ናት።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ያኔም ነግሬሻለሁ፤ የእግር መኪና የድሮ ነው። ወይ ሞተር አስገጥሚላት፣ ወይ መልሺያትና ጨምረሽ ኤሌክትሪኩን ውሰጂ» አለኝ። በግማሽ ዋጋ ሊቀበለኝ ነው። ያን ቀን መልስ አጥቼ ስልኩን ዘጋሁት። አሁን ግን መልስ አለኝ። ወንድሜ፣ በራሷ መዞር ያቃታትን መኪና ሞተር ቢገጥሙላት ሞተሩ ይቃጠላል እንጂ እሷ አትድንም። መብራት በጠፋ ቁጥርስ ምን ላደርግ ነው፤ ጨርቁን ታቅፌ ልቀመጥ?

ለልጄ የገና ቀሚስ የሚሆን ቀይ ጨርቅ ገዝቼ ቆርጬው ነበር። አልደረሰም። በአዲስ አገር የምናከብረው የመጀመሪያ በዓል ነውና እናቷ የሰፋችላትን ለብሳ እንድትወጣ ፈልጌ ነበር፤ ዋዜማው ላይ ገበያ ወጥቼ የተሰፋ ገዛሁላት፣ ትከሻው ሰፋት። ምንም አላለችኝም፤ ዝም ማለቷ ነው የባሰብኝ።

ከገና በኋላ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በጥገና ሠራተኛነት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን የመንዝ ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይዘው መጡ፤ ጠርዙ ተተርትሮባቸዋል።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ታማለች» አልኳቸው።

ጎማዋን በመዳፋቸው ያዝ አድርገው አዞሩና «መቼ መቼ ነው የምትከብድሽ?» አሉኝ።

«ጠዋት ጠዋት።»

«ከሰዓትስ?»

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ታርፍባታለች፤ ያኔ ቀለል ትለኛለች። እግሬ ስለተፍታታ እንጂ እሷ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም።

«የምትቀቢያትን ዘይት አምጪልኝ» አሉ። ሻጩ ከመኪናዋ ጋር የሰጠኝን፣ ምንም ያልተጻፈበትን ትንሽ ጠርሙስ አመጣሁላቸው። ጠብታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው አሽተው ሳብ ሲያደርጉት እንደ ማር ተሳበ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የመኪና ሞተር ዘይት ነው። ቆላ ላይ ሙቀቱ ያቀጥንልሻል፤ እዚህ ይረጋል። ከጨርቁ ብናኝ ጋር ተቦክቶ ነው የያዛት።»

ማጽዳቱ ሦስት ቀን ፈጀ። ክሩንና መርፌውን አወጣሁ፤ ዘይት በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ጎማዋን ደጋግሜ አዞርኩ። አሳድሬ የወጣውን ጥቁር ዝቃጭ በአሮጌ ጨርቅ ጠረግሁ፤ እንደገና ጠብ አደረግሁ። ጋዝ ነውና የከሰል ምድጃውን ከቤት አስወጥተን፣ በብርዱ መስኮት ከፍተን ነው የሠራነው። የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን ፈትቼ ሳየው የተጋገረ ብናኝ ነበረበት፤ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግሁት። በመጨረሻ ውሃ የመሰለውን ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ለየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ፣ ለመርገጫውም ጭምር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ውጭ ሣሩ ነጭ ሆኖ፣ በአንድ እግሬ ረገጥኳት። ሄደች! ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ፤ ቀዩ ቀሚስ ለጥምቀት ደረሰ። ሁለት ማታ ነው የፈጀብኝ፤ አንዱን ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሰፋሁት። ልጄ ታቦት ስትሸኝ ወገቧን ይዛ እየተሽከረከረች ነበር።

የጋሼንም ባና በ18 ቁጥር መርፌ፣ ስፌቱን ረዘም አድርጌ ዘመዘምኩት። ሂሳብ አልተቀበልኳቸውም። ባናው ግን ሥራ አመጣልኝ። ያዩት ሰዎች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የካፖርት ገበር ይዘው ይመጣሉ፤ የሰፈሩ ልጆችም ቤታችንን «ሰፊዋ ጋ» ይሉታል።

ግዟት ወይስ አትግዟት ለምትሉኝ፦ ግዟት። ከባድ ናት፣ ያለ ሁለት ሰው አትነሳም፤ ቺንጋዋም እያደር ይላላል። እኔ ግን ዛሬም 14,000 ብሬን አውጥቼ እገዛታለሁ፤ ከዚያ ሱቅ ብቻ አይሆንም። ደጋ የምትኖሩ ደግሞ ከመኪናው ጋር የሚሰጣችሁን ዘይት እዚያው ጣታችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ እዩት። ወፍሮ ከተሳበ አትቀበሉ።

ጠርሙሱን አልጣልኩትም፤ መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ይዤው ሄጄ ሻጩ ፊት ባንኮኒው ላይ አስቀምጥለታለሁ።